የቅሬ መዝገብ በፓይተን፦ ዝርዝር የያዘ ዝርዝርን ፋይል ላይ አስቀምጦ መልሶ ማንበብ

የሰፈራችንን ቅሬ ጸሐፊነት ስረከብ ከቀድሞው ጸሐፊ እጅ የተቀበልኩት አንድ ፍላሽ ነው። ፍላሹ ላይ አጭር የፓይተን ኮድና አንድ የጽሑፍ ፋይል አለ። ፋይሉ የአባላቱን ስም፣ ቤተሰባቸውንና የየወሩን መዋጮ ይዟል፤ ኮዱ ግን ይጽፋል እንጂ የጻፈውን መልሶ ማንበብ አይችልም። ይህን የምጽፈው የቅሬ፣ የዕቁብ ወይም የማኅበር መዝገብ በኮድ ልያዝ ብላችሁ ለተነሣችሁ፣ በተለይም «ዝርዝሩን ሠራሁት፣ አሁን የት ላስቀምጠው?» የሚለው ላይ ለቆማችሁ ነው። ፓይተን ጥቂት እንደምታውቁ አድርጌ ነው የማወራችሁ። የትእዛዞቹን ስም እዚህ በፊደላችን እጽፈዋለሁ፤ ኮዱ ላይ ስትጽፉ ግን ያው በላቲን ነው።

ቅሬ ሌላው አገር ዕድር የሚለው ነው። የእኛው ደሴ ውስጥ ያለ፣ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም አብሮ የሚያዋጣበት፣ ድንኳንና ወንበር፣ ብረት ድስትና ምንጣፍ ያለው ተራ የሰፈር ቅሬ ነው።

መዝገቡ ለምን ተራ ሠንጠረዥ እንደማይሆን ላስረዳ። አባል የሚባለው አባወራው ወይም እማወራዋ ቢሆኑም ከሥራቸው ቤተሰቡ ይመዘገባል። ሞት ሲመጣ ቅሬው የሚቆመው ለአባሉ ብቻ አይደለም፤ በስሙ ለተመዘገቡት ለባለቤቱ፣ ለልጆቹ፣ ለእናት ለአባቱም ነው። እናቲቱ መዝገቡ ላይ አለች ወይስ የለችም የሚለው ጥያቄ ድንኳን በሚተከልበት ሌሊት የሚነሣ ጥያቄ ነው፤ ያን ጊዜ ፋይሉ አልከፈት አለ ማለት አይቻልም። አንዱ ቤት ስምንት ሰው አለ፣ ሌላው ቤት አንዲት አሮጊት ብቻቸውን ናቸው። መዋጮውም እንደዚያው ነው፤ አንዱ ከመስከረም ጀምሮ ሞልቶ ከፍሏል፣ ሌላው ገና ትናንት ገብቶ የአንድ ወር ብቻ ነው ያለው። ስለዚህ ሰፈር ውስጥ አባላት አሉ፣ አባሉ ውስጥ ደግሞ ሁለት ዝርዝር (ፓይተን «ሊስት» የሚለው) አለ፤ አንዱ የቤተሰብ፣ አንዱ የክፍያ። ስሙን ትቼ ቅርጹን ላሳያችሁ፦

[
  ["ላይ ሰፈር", [
    ["አባወራ ሀ", ["ባለቤት", "ልጅ", "እናት"], [5000, 5000, 5000]],
    ["እማወራ ለ", ["ልጅ"], [5000, 0, 5000]],
    ["አባወራ ሐ", [], []]
  ]],
  ["ታች ሰፈር", []]
]

ቁጥሮቹ ሳንቲም ናቸው፤ 5000 ማለት 50 ብር ነው። ብርን ከነነጥቡ ከመያዝ በሳንቲም ሙሉ ቁጥር መያዝ ይሻላል። ፓይተንን 0.1 ላይ 0.2 ደምርልኝ ብትሉት 0.30000000000000004 ይላችኋል፤ ይህን ይዞ የቅሬ ጉባኤ ፊት መቆም ነገር መፈለግ ነው። አባወራ ሐ ላይ ያሉትን ሁለት ባዶ ቅንፎችም ልብ በሉልኝ። ሰውየው አባል ነው፤ ቤተሰብ አላስመዘገበም፣ ገና አልከፈለም። ባዶነቱ ራሱ መረጃ ነው፣ ፋይሉ ላይም ባዶ ሆኖ መቀመጥ አለበት። ታች ሰፈርም እንዲሁ፤ ሰፈሩ ተፈቅዷል፣ ሰው ግን ገና አልገባበትም።

አሁን ወደ ወረስኩት ፋይል። ፓይተንን ይህን ዝርዝር ፋይል ላይ ጻፍልኝ ስትሉት እንቢ ይላል፤ «ራይት» የሚቀበለው ጽሑፍ ብቻ ነው። እንቢታውን ለማለፍ ዝርዝሩን በ«ስትር» ወደ ጽሑፍ መቀየር ይቻላል፤ የቀድሞው ጸሐፊም ያደረገው ይህንኑ ነው። ይጻፋል፣ ፋይሉን ስትከፍቱትም ቅንፉም ኮማውም በቦታው ስለሚታይ ሥራው ያለቀ ይመስላል። መልሳችሁ ስታነቡት ግን በእጃችሁ ያለው ዝርዝር ሳይሆን አንድ ረጅም ጽሑፍ ነው። የመጀመሪያውን ሰፈር አምጣ ብትሉት የሚያመጣው «[» የምትለዋን ምልክት ነው። ስንት ሰፈር አለ ብትሉት የፊደላቱን ብዛት ይነግራችኋል። ኤረር ሳያሳይ የተሳሳተ መልስ መስጠቱ ነው ክፋቱ።

እንዲህ ያለ ፋይል እጁ ላይ የወደቀ ሰው ቶሎ የሚሰማው ምክር «ኢቫል» ተጠቀም የሚል ነው። አትንኩት። ኢቫል ጽሑፉን እንደ ኮድ ያስኬደዋል፤ ፋይሉ ከእጅ ወደ እጅ፣ ከፍላሽ ወደ ፍላሽ ሲዞር የኖረ ከሆነ ውስጡ የተጻፈውን ሁሉ ሳታዩ መፈጸም ማለት ነው። ለዚህ ሥራ የሚሆነው «ኤኤስቲ» በሚባለው ሞጁል ውስጥ ያለው «ሊትራል ኢቫል» ነው። እሱ ቁጥር፣ ጽሑፍ፣ ዝርዝርና እነሱን የመሰለውን ብቻ ያነባል፤ ሌላ ነገር ሲገጥመው ይቆማል። መዝገባችንን ያተረፈው እሱ ነው። አንድ ቦታ ላይ ብቻ ቆመ፤ የምዝገባው ቀን በፓይተን የቀን ዓይነት ተይዞ ስለነበር ፋይሉ ላይ «ዴትታይም ነጥብ ዴት» ተብሎ፣ ከአጠገቡ በቅንፍ ዓመት፣ ወርና ቀን ተጽፎ ነበር። በኖትፓድ ፈልግና ተካ በሚለው ያንን ስም ብቻ በየቦታው ሳጠፋው ሦስቱ ቁጥሮች ከነቅንፋቸው ቀሩ፣ ሊትራል ኢቫልም ያለችግር አነበባቸው። ይህን ስታደርጉ በቅጂው ላይ እንጂ በዋናው ፋይል ላይ አትሥሩ።

ዝርዝሩ አንዴ ወደ ፓይተን ከገባ በኋላ ጥያቄው ወዴት ላስቀምጠው የሚለው ሆነ። ኮምቦልቻ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት የሚማር የእህቴ ልጅ አለ፤ ቅዳሜ የሐረጎን ዳገት ሽቅብ ወጥቶ ሲመጣ አማከርኩት። «ጋሼ፣ ፒክል አድርገውና ተገላገል» አለኝ። እውነት አለው። ፒክል ፓይተን ውስጥ ያለን ነገር ከሞላ ጎደል በሙሉ ሳይቀይር ያስቀምጣል፤ ቀኑንም፣ ዝርዝሩንም፣ ሌላ ሌላውንም እንዳለ ይመልሰዋል። ዳሩ ግን ፋይሉን ሰው አያነበውም፣ ከፓይተን ሌላም ፕሮግራም አያነበውም። ከኢቫል ጋር የሚያመሳስለው አደጋም አለው፤ ክፉ ሰው ያዘጋጀው የፒክል ፋይል ሲከፈት ኮድ ሊያስኬድ ይችላል፣ የፓይተን መመሪያ ራሱ የማታምኑትን ፒክል አትክፈቱ ይላል።

ነገሩን የቆረጡት ግን የቅሬው ዳኛ ናቸው። ሐጂ ኮምፒዩተር አይነኩም። ላፕቶፑን ይዤ ቤታቸው ሄጄ መዝገቡ ያለበትን ሁኔታ ሳስረዳቸው ዝም ብለው ሰምተው፣ «ልጄ፣ ደብተር ሲሆን እኔም አነበዋለሁ፤ ይሄን አንተ ባትኖር ማን ያነበዋል?» አሉኝ። «አብሽሩ ሐጂ፣ ማንም በስልኩ ከፍቶ የሚያነበው አድርጌ ነው የማስቀምጠው» አልኳቸው። ከዚያ ወዲያ ፒክልን አላነሣሁትም። የአንድ ሰው የግል ሥራ ቢሆን፣ ለአንድ ሌሊት ብቻ የሚቀመጥ ነገር ቢሆን ፒክል ይበቃ ነበር፤ ከጸሐፊ ወደ ጸሐፊ ለሚተላለፍ መዝገብ ግን አይሆንም።

ጄሰንን መረጥኩ። ጄሰን ከጃቫስክሪፕት አጻጻፍ የወጣ፣ ዳግላስ ክሮክፎርድ ያስፋፋው የመረጃ አጻጻፍ ነው፤ ዛሬ የማያነበው የፕሮግራም ቋንቋ የለም ማለት ይቻላል። ፓይተን ከ2.6 ጀምሮ፣ ማለትም እንደ ፈረንጆቹ ከ2008 ወዲህ ከራሱ ጋር ይዞት ስለሚመጣ ሌላ የምትጭኑት ነገር የለም። ከላይ ያሳየኋችሁ ዝርዝር እንዳለ ትክክለኛ ጄሰን ነው፤ ዝርዝር በዝርዝር ውስጥ የፈለጋችሁትን ያህል ቢወርድ ይይዘዋል፣ ባዶውንም ባዶ አድርጎ። አሠራሩ አጭር ነው፤ ፋይሉን ለመጻፍ ትከፍታላችሁ፣ «ጄሰን ነጥብ ዳምፕ» ብላችሁ በመጀመሪያ ዝርዝሩን ቀጥሎ ፋይሉን ትሰጡታላችሁ። ለመመለስ ፋይሉን ለንባብ ከፍታችሁ «ጄሰን ነጥብ ሎድ» ነው፤ የሚመልስላችሁ እውነተኛ ዝርዝር ነው። መጨረሻቸው ላይ «ስ» ያለባቸው «ዳምፕስ» እና «ሎድስ» ደግሞ ከፋይል ጋር ሳይሆን ከጽሑፍ ጋር የሚሠሩ ናቸው፤ ሁለቱን ጥንድ ማደባለቅ የተለመደ የኤረር ምንጭ ነው።

እስከዚህ ድረስ እንግሊዝኛ ለሚጽፍ ሰው ይበቃዋል። ለእኛ ግን ሁለት ነገር ይጨመራል፣ ሁለቱም ካልተነገራችሁ ያደክማሉ።

የመጀመሪያው፣ ዳምፕ ምንም ካልነገራችሁት አማርኛውን በፊደል አይጽፈውም። በእያንዳንዱ ፊደል ፋንታ ወደ ኋላ የተጋደመች ጭረት፣ «ዩ» የምትለዋን የላቲን ፊደልና ያንን ፊደል የሚወክለውን ባለ አራት ቦታ የዩኒኮድ ቁጥር ያስቀምጣል፤ ዩኒኮድ የዓለምን ጽሕፈቶች ፊደል በፊደል በቁጥር የመዘገበ ሠንጠረዥ ነው። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. በወጣው 3.0 እትም ነው፤ ቁጥሩ ከ1200 ይጀምራል፣ ሀ ናት እሷ። ለ 1208፣ መ 1218፤ የደሴ «ሴ» ደግሞ 1234 ናት። መረጃው አይጠፋም፣ ሎድ ስታደርጉት ደሴ ደሴ ሆኖ ይመለሳል። ነገር ግን ፋይሉን ስልክ ላይ የከፈተ ሰው የሚያየው የቁጥር ጫካ ነው፤ ለሐጂ የሰጠሁት ቃል እዚያ ላይ ይፈርሳል። መፍትሔው ለዳምፕ «ኢንሹር አስኪ» የሚለውን «ፎልስ» ብሎ መስጠት ነው። የፋይሉም መጠን ያንሳል፤ በዩቲኤፍ-8፣ ማለትም ዩኒኮድን ፋይል ላይ በሚያስቀምጠው የተለመደ አጻጻፍ፣ አንድ የግዕዝ ፊደል 3 ባይት ሲይዝ በዚያ የቁጥር አጻጻፍ ግን 6 ባይት ነው። «ኢንደንት» የሚለውን 2 ብላችሁ ስትጨምሩበት ዝርዝሩ በመስመር በመስመር እየገባ ይጻፋል፣ ለዓይን ይመቻል።

ሁለተኛው፣ ፋይሉን ስትከፍቱ «ኢንኮዲንግ»፣ ማለትም ፊደሉ ወደ ባይት የሚለወጥበት መንገድ፣ ዩቲኤፍ-8 ነው ብላችሁ በግልጽ ጻፉ፤ ስትጽፉም ስታነቡም። ሊኑክስ ላይ ሳትጽፉት ይሠራላችኋል፤ እኛ ዘንድ ግን አብዛኛው ኮምፒዩተር ዊንዶውስ ነው፣ ዊንዶውስ ላይ ደግሞ ፓይተን ካልተነገረው የሚይዘው የማሽኑን የቆየ የፊደል ሠንጠረዥ ነው። ያ ሠንጠረዥ ሀ ሁን አያውቅም። ስለዚህ «ኢንሹር አስኪ»ን ፎልስ ባደረጋችሁበት ቅጽበት መጻፉ «ቻርማፕ» የሚል ቃል ያለበት ኤረር ይዞ ይወድቃል። ብዙ ሰው እዚህ ደርሶ «ጄሰን አማርኛ አይችልም» ብሎ ይመለሳል። ጄሰን ይችላል፤ ያልቻለው የፋይሉ አከፋፈት ነው። በትክክል የተጻፈውን ፋይል ያለ ኢንኮዲንግ ብታነቡት ደግሞ ኤረርም ላይሰጣችሁ ይችላል፤ ስሙ ሁሉ ጭረት የተደረገበት የላቲን «ኤ» እና የምልክት ድብልቅ ሆኖ ይመጣል። ያንን ካያችሁ ፋይሉ አልተበላሸም፤ ሴቭ ሳታደርጉ ዝጉትና በትክክለኛው ኢንኮዲንግ ክፈቱት። ሴቭ ካደረጋችሁት ግን ያ ድብልቅ ዋናው ጽሑፍ ይሆናል።

ፋይሉ በሰው የሚነበብ ስለሆነ በእጅ ማረምም ይቻላል። በስልኬ ስም የማስተካክልበት ጊዜ ብዙ ነው። የአማርኛ ኪቦርድ ላይ እያላችሁ ኮማ ስትነኩ ግን «፣» ትገባለች። ለዓይን ያው ነው፤ ለጄሰን ግን ነጠላ ሰረዝ መለያ አይደለችም፣ የሚያውቀው «,» የምትለዋን ብቻ ነው። «» የሚለው ትምህርተ ጥቅስም፣ ስልኩ ራሱ አጣሞ የሚያስገባው “ ” የሚለውም አይሆንለትም፣ ቀጥ ያለው " መሆን አለበት። ፲፪ ብላችሁ ብትጽፉም ቁጥር ነው ብሎ አይቀበላችሁም። ከመጨረሻው አባል በኋላ የተረሳች ኮማም ፓይተን ዝርዝር ላይ ትታለፋለች፣ ጄሰን ላይ ግን ትጥላለች። ደግነቱ ኤረሩ መስመሩንና ዓምዱን ይናገራል፤ መስመር 4 ዓምድ 12 ካላችሁ እዚያው ወይም ከዚያ ትንሽ ቀደም ብሎ ነው። ስም ውስጥ ያለች «፣» ግን፣ በትምህርተ ጥቅሱ መካከል እስካለች ድረስ፣ ምንም አታደርግም።

ስም ካነሣን፣ አህመድና አሕመድ፣ ኃይሉና ሀይሉ ለፋይሉ የተለያዩ ሰዎች ናቸው። አባል የምፈልገው በስም ሳይሆን በአባልነት ቁጥር ነው።

አሁን ወደ መብራት። ፋይልን ለመጻፍ ስትከፍቱ ፓይተን አስቀድሞ የነበረውን ጽሑፍ ያጠፋዋል፣ አዲሱን የሚጽፈው ከዚያ በኋላ ነው። በሁለቱ መካከል መብራት ቢሄድና ኮምፒዩተሩ ዴስክቶፕ ቢሆን የሚጠብቃችሁ ባዶ ወይም ግማሽ ፋይል ነው። መብራት ባይሄድም፣ ዝርዝሩ ውስጥ ጄሰን የማያውቀው ነገር ካለ ዳምፕ መሐል ላይ ኤረር ሰጥቶ ያቆማል፤ አሮጌው ያን ጊዜ ጠፍቷል፣ አዲሱ አላለቀም። ስለዚህ በቀጥታ በዋናው ፋይል ላይ አልጽፍም። መጀመሪያ እዚያው ፎልደር ውስጥ በሌላ ስም እጽፋለሁ፤ «ፍላሽ» (የፓይተኑ ትእዛዝ እንጂ የኪሱ ፍላሽ አይደለም) እና «ኤፍሲንክ» ብዬ በእርግጥ ዲስክ ላይ መውረዱን ካስጠበቅኩ በኋላ «ኦኤስ ነጥብ ሪፕሌስ» በሚለው ዋናው ቦታ ላይ እተካዋለሁ። መተካቱ ወይ ይሆናል ወይ አይሆንም፣ ግማሽ የለውም። ሁለቱ ፋይሎች አንድ ዲስክ ላይ መሆን አለባቸው፤ ጊዜያዊውን ኮምፒዩተሩ ላይ፣ ዋናውን ፍላሽ ላይ አድርጋችሁ አይሠራም።

ከዚህ ሌላ በየስብሰባው ማግሥት የፋይሉን ቅጂ ለራሴ በቴሌግራም እልካለሁ፣ ለገንዘብ ያዧም እንዲሁ። ደሴ ላይ ይህን ማብራራት አያስፈልግም፤ በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ከተማው ሲገባ ቤቱን ጥሎ የወጣ ሰው መዝገብ አንሥቶ አልወጣም። የቤተሰብ ስም ያለበት ፋይል ስለሆነ ግን ብዙ ሰው ባለበት ቡድን ውስጥ አልጥለውም።

አንዳንዱ አዲስ ክፍያ ሲመጣ ፋይሉን ለመጨመር ከፍቶ ሌላ ዳምፕ ከሥሩ ያደርግበታል። ያኔ ፋይሉ ውስጥ ሁለት ሙሉ ጄሰን ተከታትለው ይቀመጣሉ፣ ሎድ ሲያነበው ከመጀመሪያው በኋላ ትርፍ ነገር አገኘሁ ብሎ ይወድቃል። አንድ የጄሰን ፋይል የሚይዘው አንድ ሙሉ ነገር ነው፤ አንብቡት፣ ዝርዝሩ ላይ ጨምሩ፣ ሙሉውን መልሳችሁ ጻፉት። መጨመር ብቻ ከፈለጋችሁ በየመስመሩ አንድ አጭር ጄሰን እየጻፋችሁ፣ ሲነበብ መስመር በመስመር በ«ሎድስ» ማንሣት ነው፤ የዕለት ገቢ ደረሰኞችን የምይዘው እንደዚያ ነው። እዚያ ላይ ኢንደንት አይገባም።

ጄሰን ሲመልስ የሚለውጣቸው ነገሮች አሉ፣ እነሱን አስቀድሞ ማወቅ ከብዙ ግራ መጋባት ያድናል። በክብ ቅንፍ የተያዘ፣ ፓይተን «ታፕል» የሚለው፣ ሲመለስ ተራ ዝርዝር ሆኖ ነው የሚመጣው። «ሴት» የሚባለውን የስብስብ ዓይነት ጭራሽ አይቀበለውም። መዝገበ ቃላት መሰሉን «ዲክት» ይቀበላል፤ ግን የቁጥር ቁልፎቹን ሁሉ ወደ ጽሑፍ ይቀይራቸዋል። የአባልነት ቁጥርን ቁልፍ ላደረገ ሰው ይህ ወጥመድ ነው። 14 ብላችሁ ያስቀመጣችሁት "14" ሆኖ ይመለሳል፣ በ14 ስትፈልጉት የለም ይላችኋል። የለም ስላለ 14 ብላችሁ አዲስ ብታስገቡና ሴቭ ብታደርጉ ፋይሉ ላይ "14" ሁለት ጊዜ ይጻፋል፤ በሚቀጥለው ንባብ የመጨረሻው ብቻ ይቀርና የፊተኛው ክፍያ ሁሉ ድምፁን ሳያሰማ ይጠፋል። እኔ የአባልነት ቁጥርን ከመጀመሪያው በትምህርተ ጥቅስ አስገብቼ እንደ ጽሑፍ ነው የምይዘው። ስልክ ቁጥርም እንዲሁ፤ ከፊት ያለችው 0 የምትተርፈው ጽሑፍ ከሆነ ብቻ ነው።

ቀን ላይ ጄሰን የራሱ ዓይነት የለውም፤ የፓይተንን ቀን ስትሰጡት አላውቀውም ይላል። ብዙ ሰው ወደ ፈረንጅ ቀን ቀይሮ በጽሑፍ ያስቀምጣል። የቅሬ ሰው ግን የሚናገረው በእኛው ቀን ነው፤ ጳጉሜ 3 ሞተ የተባለን ሰው የፓይተን ቀን ሊይዘው አይችልም፣ ወሩ ከ1 እስከ 12 ብቻ ነው የሚለው። ስለዚህ ቀኑን በሦስት ቁጥር ዝርዝር እይዘዋለሁ፦ [2016, 13, 3]። ዓመቱን ከፊት፣ ቀኑን ከኋላ ያደረግሁበት ምክንያት አለኝ፤ ፓይተን ሁለት ዝርዝሮችን ሲያወዳድር ከመጀመሪያው ቁጥር ጀምሮ ስለሆነ፣ በቀን ደርድርልኝ ስለው ያለ ምንም ተጨማሪ ሥራ ቅደም ተከተሉ ይገጥማል። ጳጉሜ 6 የምትሆነው በየአራት ዓመቱ ነው፤ 2015 ላይ ነበረች፣ ቀጥላ 2019 ላይ ትመጣለች። ቀን ሲገባ የሚቆጣጠር ኮድ ብትጽፉ እሷን አትርሷት።

አንድ ጓደኛዬ የዕቁቡን መዝገብ ሲሠራ የገጠመው ነገር ደግሞ ፋይል ላይ ብቻ ሳይሆን ከፋይሉ በፊትም ያለ ነው። ለእያንዳንዱ አባል አሥራ ሁለት ዜሮ ያለበት የክፍያ ዝርዝር ለማዘጋጀት አንዱን ዝርዝር ሠርቶ በአባላቱ ብዛት አባዛው፣ በኮከብ ምልክቷ። አንዱ አባል የመስከረምን ሲከፍል የሁሉም መስከረም ተሞላ። ማባዛቱ አዲስ ዝርዝር አይፈጥርም፤ ያንኑ አንዱን ዝርዝር በብዙ ስም ይጠራዋል። የሚያሳብደው ቀጥሎ ያለው ነው፦ ሴቭ አድርጎ ዘግቶ መልሶ ሲከፍተው ጥፋቱ ጠፋ። ጄሰን የሚጽፈው የሚያየውን እንጂ ማን ከማን ጋር እንደተጋራ ስለማይጽፍ፣ ሲመለስ ሁሉም የየራሱን ዝርዝር ይዞ መጣ። «ኮምፒዩተሩ ሲሞቅ ነው የሚሳሳተው» ብሎኝ ነበር እየሳቀ። መስከረም ላይ የተሞላው የተሳሳተ ቁጥር ግን ፋይሉ ላይ ቀርቷል። ለእያንዳንዱ አባል ዝርዝሩን በ«ፎር» እየዞራችሁ በየራሱ ፍጠሩለት፤ ያለውን ውስጣዊ ዝርዝር ለመቅዳት ደግሞ «ዲፕኮፒ» ነው የሚሆነው፣ ተራው ኮፒ ላይኛውን እርከን ብቻ ይቀዳል።

ሴቭ የሚያደርገው ኮዴ መጨረሻ ላይ አንድ ነገር ያደርጋል፦ ጊዜያዊውን ፋይል ዋናው ላይ ከመተካቱ በፊት መልሶ ሎድ አድርጎ በእጁ ካለው ዝርዝር ጋር እኩል መሆኑን ያያል። ፓይተን ላይ ይህ በድርብ እኩል ምልክት የሚደረግ አንድ መስመር ነው፣ እስከ ውስጠኛው ዝርዝር ድረስ ራሱ ወርዶ ያወዳድራል። ካልገጠመ አይተካም፣ አሮጌው ባለበት ይቆያል። ከላይ የዘረዘርኳቸው ታፕሎችና የቁጥር ቁልፎች እዚህ ላይ ይያዛሉ፤ ክብ ቅንፉ ወደ ማዕዘን ቅንፍ ከተለወጠ ፓይተን እኩል አይደለም ይላልና።

የቀረው ለስብሰባ የሚታተመው ነው። ወረቀት ላይ ዝርዝር በዝርዝር ውስጥ አይነበብም፣ ገንዘብ ያዧም የሚፈልጉት የኤክሴል ሠንጠረዥ ነው። ለእሱ ከጄሰኑ ላይ ሲኤስቪ፣ ማለትም ዓምዶቹ በኮማ የተለዩ የጽሑፍ ፋይል፣ አወጣለሁ፤ ለአንድ አባል አንድ መስመር፣ የቤተሰቡ ብዛት፣ የተከፈለው ድምር፣ ያልተከፈለው ወር። እዚህ ላይ ብቻ ኢንኮዲንጉን ዩቲኤፍ-8 ሳይሆን «ዩቲኤፍ-8 ሲግ» አደርገዋለሁ፤ ከፊት የምትገባው የማትታይ ምልክት ከሌለች ኤክሴል አማርኛውን አበላሽቶ ይከፍተዋል። ያቺው ምልክት ጄሰኑ ላይ ከገባች ግን ሎድ እንቢ ይላል፤ አንዳንድ የቆየ ኖትፓድ ሴቭ ሲያደርግ ስለሚጨምራት፣ እንደዚያ የመጣ ፋይል ሲገጥማችሁ ለማንበብም «ሲግ» ያለበትን ተጠቀሙ። ከሲኤስቪው ወደ ጄሰን ግን መልሼ አላመጣም። ገንዘብ ያዧ ኤክሴል ላይ ያረሙት ነገር ካለ በወረቀት ይሰጡኛል፣ እኔ ጄሰኑ ላይ አገባዋለሁ፤ ሠንጠረዡ ላይ ታች ሰፈር መስመር ስለሌለው ከዚያ ቢመለስ ሰፈሩ ከመዝገቡ ይወጣል።